ፅንስ በመጀመሪያዎቹ ወራት ስለምን ይወርዳል?

በራዲዮ ከተነገረው የጤና ትምህርት የተወሰደ

በአማርኛችን ውስጥ እጅግ የሚቀራረቡ ሁለት ቃላት አሉ። አንዲት ነፍሰ ጡር ሳትወድና ሳትፈልግ ፅንሱ ሲወጣባት «አስወረዳት» እንላለን፤ ፈልጋ ስታስወጣው ደግሞ «አስወረደች» እንላለን። የሁለቱ ልዩነት በጽሕፈት ሲታይ ኢምንት ነው፤ በትርጕም ግን እጅግ ይራራቃሉ። በመጀመሪያው ቃል ሴቲቱ ጕዳት የደረሰባት ናት፤ በሁለተኛው ግን አድራጊዋ ራሷ ናት። ይህን የቋንቋ ነገር ያለ ምክንያት አላነሣሁትም። በየሰፈራችን የሚሰማው ወሬ «አስወረዳት» ብሎ ይጀምርና ጥቂት ቈይቶ «ያን ባልዲ ባታነሣ ኖሮ፣ ያን ቀን ገበያ ባትወጣ ኖሮ፣ ያማራትን ተናግራ ብትበላ ኖሮ» እያለ ነገሩን ወደ ሴቲቱ ጥፋት ያዞረዋል። ሳትፈልግ የደረሰባትን ጕዳት ፈልጋ እንዳደረገችው አድርጎ ይቈጥርባታል።

የተከበራችሁ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህ ወቀሳ ምን ያህል እውነት እንዳለበት ነው። ይኸውም በእርግዝና የመጀመሪያ ሦስት ወራት ውስጥ ፅንስ ስለምን እንደሚወርድ፣ አደጋውን የሚያበዙት ነገሮች የትኞቹ እንደ ሆኑ፣ በከንቱ የሚታሙትም የትኞቹ እንደ ሆኑ ለመግለጽ ነው። ነገሩ የሴቶች ብቻ ነው ብሎ ገጹን ለመገልበጥ የሚቸኵል ባል ቢኖር፣ ከዚህ በታች እርሱን የሚመለከት ብዙ ስላለ ጥቂት ይታገሥ።

አስቀድሞ መታወቅ የሚገባው ይህ ዐይነቱ ጕዳት ምን ያህል የተለመደ መሆኑ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2021 «ላንሴት» በተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት እንደሚገምተው፣ መኖሩ ከታወቀው እርግዝና ከመቶው 15 ያህሉ በመውረድ ያልቃል። ይህ በመላው ዓለም ሲሰላ በያመቱ 23 ሚሊዮን፣ ማለት በየደቂቃው 44 ይሆናል። ከዚህም ውስጥ ከአምስቱ አራት እጅ ያህሉ የሚደርሰው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው። የወር አበባ ጥቂት ቀን ዘግይቶ መጣ ተብሎ የሚታለፈው፣ ሴቲቱም ሳታውቀው የሚያልፈው በዚህ ቍጥር ውስጥ አልገባም። እንግዲህ በአንድ መሥሪያ ቤት ሃያ እናቶች ቢኖሩ፣ ከመካከላቸው ሁለት ወይም ሦስት ይህ የደረሰባቸው ይገኛሉ ብሎ መገመት ይቻላል። አብዛኛውን ጊዜ ባልደረቦቻቸው የሚያውቁት ግን «ባለፈው ወር ትንሽ አሟት ነበር» የተባለውን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ምክንያት እንምጣ። የሰው ሰውነት ከሕዋሳት የተሠራ መሆኑን በትምህርት ቤት ተምረናል። በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ክሮሞሶም የተባሉ፣ የሰውነት አሠራር ሁሉ ተጽፎ የሚገኝባቸው ቀጫጭን ክሮች አሉ። ቍጥራቸው 46 መሆኑ በእርግጥ የታወቀው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1956፣ ጆ ሂን ትጂዮና አልበርት ሌቫን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በስዊድን አገር በሉንድ ከተማ ቈጥረው ውጤቱን ባሳተሙ ጊዜ ነው፤ ከዚያ በፊት 48 ናቸው እየተባለ ይጻፍ ነበር። ከእነዚህ 23ቱን የእናት እንቍላል፣ 23ቱን የአባት ዘር ያመጣሉ። ሁለቱ ሲገናኙ ቍጥሩ ሙሉ ይሆንና ፅንስ ይጀመራል።

በጽሕፈት ሥራ ላይ የተሰማራ ሰው አንድ ትልቅ መዝገብ ገጽ በገጽ ሲገለበጥ ምን እንደሚደርስ ያውቃል፤ አንዳንዱ ገጽ ይዘለላል፣ አንዳንዱ ሁለት ጊዜ ይገባል። በክሮሞሶምም ላይ የሚደርሰው እንደዚሁ ነው። እንቍላሉ ወይም የአባት ዘር ሲዘጋጅ አንድ ክሮሞሶም ሊጐድል ወይም ሊጨመር ይችላል። ይህ የሚሆነው በማንም ፈቃድ ወይም ስንፍና አይደለም። እንዲህ ሆኖ የተጀመረው ፅንስ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ሳምንታት አድጎ ይቆማል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከሚወርዱት ፅንሶች ግማሽ ያህሉ፣ እንዲያውም ከዚያ የሚበልጡት፣ ሲመረመሩ እንዲህ ያለ የቍጥር ጉድለት ወይም ትርፍ ተገኝቶባቸዋል። ከሁሉ አዘውትሮ የሚገኘው ትርፍ የ16ኛው ክሮሞሶም ሦስት መሆን ነው፤ እንዲህ ያለውን ሙሉ ትርፍ ይዞ ተወልዶ የሚያድግ ልጅ የለም።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ብላችሁ እንድታስተውሉ እወዳለሁ። እንዲህ ያለው ፅንስ እድገቱን የሚያቆመው ደም በታየበት ቀን አይደለም። ብዙ ጊዜ ከቀናት፣ አንዳንድ ጊዜም ከሳምንታት በፊት ቆሞ ይቈያል፤ ማሕፀን ግን ወዲያው አያስወጣውም። ሰኞ ዕለት ባልዲ ያነሣች ሴት ማክሰኞ ደም ብታይ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ባልዲውን ይከሳል። እውነቱ ግን ፅንሱ ባልዲው ከመነሣቱ ከሁለት ሳምንት በፊት አልቆ ነበር። አንድ የማውቀው ሰው ሚስቱ ልብስ ባጠበች ማግስት አስወረዳትና እናቱ ለሦስት ዓመት ያህል ያን የልብስ ማጠብ ነገር ከአፏ አላወጣችውም። በነዚያ ሦስት ዓመታት በዚያ ቤት የተነገረው ክፉ ቃል ሁሉ አንድ ሐኪም በሁለት ደቂቃ ሊያስረዳው በሚችል ነገር ላይ የተመሠረተ ነበር።

ከክሮሞሶም ቀጥሎ፣ ይልቁንም ከእርሱ ጋራ ተያይዞ የሚመጣው የዕድሜ ነገር ነው። ሴት ልጅ በሕይወቷ የምታወጣቸው እንቍላሎች በሙሉ በሰውነቷ ውስጥ የሚዘጋጁት ገና በእናቷ ማሕፀን ሳለች ነው። ስለዚህ የአርባ ዓመት ሴት እንቍላል ራሱም የአርባ ዓመት ዕድሜ አለው፤ ዕድሜው በገፋ መጠን የክሮሞሶሙ አከፋፈል የመሳሳቱ ዕድል ይበዛል። በኖርዌይ አገር ከ2009 እስከ 2013 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የነበሩትን ከ420 ሺህ የሚበልጡ እርግዝናዎች መርምሮ በ2019 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ከ25 እስከ 29 ዓመት ባሉት ሴቶች የሚወርደው ከመቶ 10 ያህል ብቻ ነው፤ ከ30 ዓመት በኋላ ቍጥሩ እየፈጠነ ይወጣና በ45 ዓመትና ከዚያ በላይ ከመቶ 53 ይደርሳል። የአባትም ዕድሜ ከነገሩ ነጻ አይደለም፤ ባል ከአርባ ዓመት ሲያልፍ አደጋው በመጠኑ ከፍ እንደሚል የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ።

በከተማችን ትምህርት እስኪጨረስ፣ ሥራ እስኪገኝ፣ የቤት ኪራይ እስኪቻል እየተባለ ጋብቻ እንደ ዘገየ የማያውቅ የለም። ይህን ቍጥር ያነሣሁት ሠላሳ ዓመት የሞላትን ሴት ለማስደንገጥ አይደለም። በዚያ ዕድሜ ከሚጀመረው እርግዝና እጅግ የሚበዛው በደኅና ይደርሳል። ነገር ግን ባልና ሚስት ስለ ልጅ ሲመክሩ፣ ስለ ገንዘብና ስለ ቤት እንደሚያስቡ ሁሉ ይህንንም ዐውቀው ቢመክሩ ይሻላቸዋል።

ከዚህ ቀደም አስወርዷት የነበረች ሴት እንደገና ሊያስወርዳት ይችላልን? ይህ ሁሉም የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። ከላይ የተጠቀሰው የኖርዌይ ጥናት እንደሚለው፣ አንድ ጊዜ የደረሰባት ሴት አደጋዋ ካልደረሰባት ጋራ ሲነጻጸር አንድ ተኩል እጥፍ፣ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ የደረሰባት ሁለት እጥፍ ከጥቂት፣ ሦስት ጊዜ የደረሰባት አራት እጥፍ ያህል ይሆናል። አንድ ጊዜ ብቻ የደረሰባት እንግዲህ ብዙ የምትጨነቅበት ምክንያት የላትም። ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ሲደጋገም ግን «ዕድሌ ነው» ብሎ መቀመጥ አይገባም፤ ባልና ሚስት አንድ ላይ ወደ ሐኪም መሄድ አለባቸው። አንድ ላይ ማለቴ ባልየውም የሚመረመርበት ነገር ስላለ ነው። አንዳንድ ሰው ራሱ ፍጹም ጤነኛ ሆኖ ሳለ ክሮሞሶሞቹ ቦታ ተለዋውጠው የተቀመጡበት ይሆናል፤ ይህም በባልም በሚስትም ሊገኝ ይችላል።

በእናቲቱ በኩል ሐኪሙ የሚመረምራቸው በሽታዎች ብዙ ናቸው። ዋና ዋናዎቹን ልጥቀስ። የስኳር በሽታ ያለባት ሴት ስኳሩ ሳይስተካከል ብትፀንስ ፅንሱ የመውረዱም ሆነ ጕድለት ይዞ የመወለዱ አደጋ ይጨምራል፤ ከመፀነሷ በፊት ስኳሯን በመድኃኒትና በምግብ ካስተካከለች ግን አደጋው እጅግ ይቀንሳል። በአንገት ላይ የሚገኘው የታይሮይድ ዕጢ ሥራውን ሲያጓድል እንዲሁ ነው። እንቅርት በብዙ ደጋማ አገራችን የታወቀ በሽታ ስለ ሆነ፣ አዮዲን የተጨመረበት ጨው መብላት ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው ጥቅም ቀላል አይደለም። በማሕፀን ውስጥ የሚበቅል ዕጢ ወይም ከተፈጥሮ የመጣ የማሕፀን መከፈልም ምክንያት ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ሴት ደግሞ በደሟ ውስጥ ደም እንዲረጋ የሚያደርግ የተለየ ነገር ይገኝባትና እርግዝናው ደጋግሞ ይጨነግፍባታል። ይህ የመጨረሻው በደም ምርመራ የሚታወቅ፣ ሐኪም በሚያዘው አስፕሪንና ሄፓሪን በተባለ መርፌ የሚታከም ስለ ሆነ፣ ሳይመረመሩ መቅረት የሚያስቈጭ ነው። ከመጠን በላይ መወፈርም ሆነ ከመጠን በታች መክሳት እንዲሁ አደጋውን ያበዛሉ።

ወባን ለብቻው ማንሣት ያስፈልጋል። አዲስ አበባ በባሕር ወለል ላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለ ሆነች ነዋሪዋ ወባን የመቋቋም ልማድ የለውም። የመንግሥት ሠራተኛ ግን ወደ ቆላ ይዛወራል፣ ለመስክ ሥራ ይላካል፣ ቤተ ሰቡንም ይዞ ይሄዳል። በታይላንድና በበርማ ወሰን ላይ ተደርጎ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2012 የታተመ ጥናት፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በወባ የተያዘች ሴት ትኵሳት እንኳ ባይሰማት ፅንሱ የመውረዱ አደጋ ሦስት እጥፍ ያህል፣ ትኵሳቱ ሲነሣባት ደግሞ አራት እጥፍ ያህል መሆኑን ገልጧል። ስለዚህ ወደ ቆላ የምትሄድ ነፍሰ ጡር አጎበር ሳትይዝ መሄድ የለባትም፤ ትኵሳት ከተሰማት በዚያው ቀን ደሟን ታስመርምር። «ነፍሰ ጡር የወባ መድኃኒት ብትወስድ ፅንሱ ይጐዳል» ብለው የሚያስፈራሩ አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 አርቴሜተርና ሉሜፋንትሪን የተባለው ጥምር መድኃኒት ቀላል በሆነው የፋልሲፓረም ወባ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራትም እንዲሰጥ መክሯል፤ የሚጐዳው ሳይታከም የቀረው ወባ ነው።

ከምግብ የሚመጣው ተላላፊ በሽታ ደግሞ በማዕዳችን ላይ ያለ ስለ ሆነ ለመናገር ያስቸግራል። ጥሬ ሥጋና ያልበሰለ ክትፎ ቶክሶፕላዝማ የተባለውን ተውሳክ ሊያስተላልፉ ይችላሉ። ያልፈላ ወተት ብሩሴላና ሊስቴሪያ የተባሉትን ተሐዋስያን ያመጣል፤ እነዚህም ፅንስን የማስወረድ ኃይል አላቸው። ብሩሴላ ላምንም የሚያጨነግፍ በሽታ መሆኑን ከብት ያረባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በዓል በመጣ ቍጥር ቍርጥ ለቀረበበት ገበታ «አልበላም» ማለት ከባድ ነው። ይሁን እንጂ የቤቱ ጌታ ራሱ «ለእርሷ ይጠበስላት፤ ወተቱም ይፍላላት» ቢል እንግዳው ሁሉ ዝም ይላል። ቂጥኝም በደም ምርመራ የሚታወቅ በሽታ ነው፤ ጕዳቱ የሚበዛው በኋለኞቹ ወራት ሲሆን፣ በመጀመሪያው የክትትል ቀን ከታወቀ በፔኒሲሊን መርፌ ይድናል። ይህን ምርመራ እንደ ነውር ቈጥሮ የሚሸሽ ባል ልጁን እየሸሸ ነው።

በገዛ እጃችን የምናመጣቸውን አደጋዎች እንመልከት። ትምባሆ የመጀመሪያው ነው፤ የሚጨሰው ሲበዛ አደጋውም ይበዛል። ሚስቱ የማታጨስ ሆና ባልየው በመኝታ ቤት ቢያጨስ እርሷም ጢሱን ስለምትስበው ከጕዳቱ አታመልጥም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 1112 በመሥሪያ ቤት ክፍል ውስጥ ማጨስን ከልክሏል፤ አዋጁ ወደ መኝታ ቤት ስለማይገባ ግን በዚያ የሚያዘው የባል ኅሊና ነው። ጠጅም ሆነ ጠላ፣ አረቄም ሆነ ቢራ ለነፍሰ ጡር ይህን ያህል ቢጠጣ አይጐዳም የሚባልበት መጠን አልተገኘም፤ ስለዚህ ሐኪሞች ጨርሶ መተውን ይመክራሉ።

ቡናን በሚመለከት ከአንዳንዶቹ ጋራ እንዳልጣላ እፈራለሁ። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ሲበዛ ከፅንስ መውረድ ጋራ ግንኙነት እንዳለው በብዙ ጥናት ታይቷል። በብዙ አገር የሚሰጠው ምክር በቀን ከ200 ሚሊግራም እንዳያልፍ ነው። በቤታችን ከሚፈላው ውስጥ አቦሉ እጅግ ጠንካራው፣ በረካው ደግሞ ቀጭኑ ነው። አንዲት ነፍሰ ጡር ከጎረቤቶቿ ጋራ ተቀምጣ አንድ ስኒ ብትጠጣ ነውር የለውም። ጧት በቤቷ አቦልና ቶና፣ ረፋድ ላይ በመሥሪያ ቤት ማኪያቶ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በጎረቤት ቤት ሦስቱንም የምትጠጣ ከሆነ ግን ልትቀንስ ይገባታል። ቡና መጣጣቱ ሳይቀር ጭሱንና ወሬውን ብቻ ይዞ ከበረካው መጀመር ይቻላል፤ እንዲያ የሚያደርጉ እናቶች አይቻለሁ።

መድኃኒትን የሚመለከተው ነገር በሁለት በኩል የተሳለ ነው። በአንድ በኩል አሮጌው ኮሶ አለ፤ እርጉዝ እንዳትጠጣው ቀድሞም አባቶችና እናቶች ይከለክሉ ነበር፤ ክልከላውም ትክክል ነበር። ከገበያ ቅጠላ ቅጠል ገዝቶ መጠጣት፣ ለብጉር የሚሰጠውን አይሶትሬቲኖይን የተባለ ክኒን መውሰድ፣ ሜቶትሬክሴት የተባለውን መድኃኒት መጠቀም ፅንስን ይጐዳል። በሌላ በኩል ደግሞ የሚጥል በሽታ፣ የሳንባ ነቀርሳ ወይም የኤች አይ ቪ መድኃኒት የምትወስድ ሴት ፀንሳለሁ ብላ በራሷ ፈቃድ ማቋረጥ የለባትም፤ ማቋረጧ ከመድኃኒቱ የበለጠ ለእርሷም ለፅንሱም አደገኛ ሊሆን ስለሚችል፣ ሐኪሟ መርምሮ ይለውጥላት።

ስለ ሥራም አንድ ቃል። በዴንማርክ አገር በመንግሥት አገልግሎት የሚሠሩ ነፍሰ ጡሮችን መርምሮ በ2019 የታተመ ጥናት፣ ከስምንተኛው ሳምንት በኋላ በሳምንት ሁለት ሌሊትና ከዚያ በላይ የሠሩት በሚቀጥለው ሳምንት ፅንሱ የመውረዱ አደጋ ከመቶ 32 ያህል ከፍ ብሎ እንዳገኘ ገልጧል። በአገራችንም በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156 ነፍሰ ጡርን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ በሌሊት ሥራ ማሠራትን ይከለክላል። አዋጁ የሚመለከተው በመንግሥት አስተዳደር ውስጥ ያልሆኑትን ሠራተኞች ቢሆንም፣ በሆስፒታልና በስልክ ቤት የሌሊት ተራ የሚያወጡ አለቆች ሁሉ ሐሳቡን ቢያስቡበት መልካም ነው። በቀን የሚሠራ የተለመደ የቢሮ ሥራ ግን ፅንስን አያስወርድም። ነፍሰ ጡር ናት ተብሎ ከሥራ ወደ ጎን የምትገፋ ሴት በሳይንስ ስም እየተገፋች አይደለም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ በግልጽ መነገር የሚገባው ድብደባ ነው። ነፍሰ ጡርን መምታት፣ መግፋት፣ በርግጫ ማለት ለፅንስ መውረድ ምክንያት መሆኑ በብዙ አገሮች ተመርምሮ ታውቋል። ደመወዝ የሚበላ፣ ክራባት የሚያስር፣ መዝገብ የሚይዝ ሰው ይህን የሚያደርግ አይመስለንም፤ ግን ያደርጋል። ሚስቱ በሆስፒታል «ደረጃ ላይ ወደቅሁ» ስትል ብትሰሙ፣ ደረጃ በሌለው ቤት የምትኖር መሆኗን አስታውሱ።

እስካሁን እውነተኛዎቹን አደጋዎች ቈጠርን። በከንቱ የሚታሙትስ? ነፍሰ ጡር ያማራትን ካላገኘች ያስወርዳታል የሚለው እምነት በሰፊው የታወቀ ነው። ከዚህ እምነት የተነሣ ወጥ የሠራ ጎረቤት ሽታው ለደረሳት ነፍሰ ጡር ቀንሶ ይልካል። ልማዱ ደግ ልማድ ነው፤ በእኔ በኩል እንዲጠፋ አልፈልግም። ነገር ግን ያማራትን አጥታ ፅንሱ የወረደባት ሴት የለችም፤ «አፍሬ ሳልጠይቅ ቀረሁና ልጄን ገደልሁት» ብላ የምታለቅስ ካለች ይህን ንገሯት። እጅን ወደ ላይ አንሥቶ ልብስ መስቀል፣ በአውቶቡስ መሄድ፣ ደረጃ መውጣት፣ ከፀሐይ መግባት፣ ድንገት መደንገጥ፣ ሐኪም ካልከለከለ በቀር ከባል ጋራ መገናኘት፣ ከዓመታት በፊት የወሊድ መከላከያ ክኒን ወይም መርፌ መውሰድ፣ እነዚህ ሁሉ የፅንስ መውረድ ምክንያት አይደሉም።

ሾተላይ የሚባለው ግን በከፊል እውነት ያለበት ነው። ልጆቿ በማሕፀን ወይም ሲወለዱ የሚሞቱባትን ሴት አባቶቻችን «ሾተላይ አለባት» ይሉ ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1939 እና በ1940 በአሜሪካ የነበሩ ተመራማሪዎች በብዙ ሰው ደም ውስጥ የሚገኝ አር ኤች የተባለ ነገር አገኙ። ይህ በደሟ የሌላት ሴት ይህ ያለውን ልጅ ስትፀንስ ሰውነቷ የልጁን ደም እንደ ጠላት ቈጥሮ ይዘጋጅበታል፤ የመጀመሪያው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ሲያመልጥ ቀጣዮቹ ይጐዳሉ። ከ1968 ጀምሮ ይህን የሚከለክል አንቲ ዲ የተባለ መርፌ አለ። ልብ በሉ፤ ይህ በሽታ የሚያጠቃው ይልቁንም በኋለኞቹ ወራት ያለውን ፅንስ እንጂ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚወርደውን አይደለም። ቢሆንም ነፍሰ ጡር የሆነች ሁሉ የደሟን ዐይነት ትወቅ፤ አር ኤች የሌላት ሴት ደም ከፈሰሳት ወይም ፅንስ ከወረደባት መርፌው ያስፈልጋት እንደ ሆነ ሐኪሙን ትጠይቅ።

የሚወርድ ፅንስን የሚያስቆም መድኃኒት አለን? ሳይንስም በዚህ ጥያቄ ላይ ተሰናክሎ ያውቃል። በ1938 በእንግሊዝ አገር ዳይኢቲልስቲልቤስትሮል የተባለ መድኃኒት ተሠራ፤ ፅንስን ያጸናል ተብሎ ለሚሊዮን ሴቶች ተሰጠ። በ1953 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ጥናት አንዳች ጥቅም እንደሌለው አሳየ፤ ሐኪሞች ግን መስጠቱን አልተዉም። በ1971 መድኃኒቱን ከወሰዱት እናቶች የተወለዱ ልጃገረዶች ያልተለመደ የብልት ካንሰር ተገኘባቸውና ያን ጊዜ ለነፍሰ ጡር እንዳይሰጥ ማስጠንቀቂያ ወጣ። ከከንቱነቱ መታወቅ እስከ ማስጠንቀቂያው 18 ዓመት አለፈ። ዛሬም አንድ ሰው ከጓዳው አውጥቶ «ይህ ያጸናል» የሚለውን መድኃኒት ሲያቀርብላችሁ ይህን አስቡ። አልጋ ላይ ተኝቶ መክረምም ፅንስን እንደማያጸና ተመርምሮ ታውቋል።

አንድ የተስፋ ነገር ግን አለ። በ2019 በብሪታንያ ከአራት ሺህ በሚበልጡ ደም በታየባቸው ነፍሰ ጡሮች ላይ ፕሮጄስትሮን የተባለው መድኃኒት ተሞክሮ ነበር። ቀድሞ አስወርዷቸው የማያውቁት ምንም ጥቅም አላገኙበትም። ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ከወረደባቸው መካከል ግን መድኃኒቱን ከወሰዱት ከመቶ 72ቱ፣ ካልወሰዱት ከመቶ 57ቱ በሕይወት ያለ ልጅ ወለዱ። ስለዚህ ቀድሞ የወረደባት ሴት ደም ስታይ ቶሎ ወደ ሐኪም መሄዷ ፍሬ ሊኖረው ይችላል።

ደም ማየት ሁሉ ግን መውረድ አይደለም፤ በመጀመሪያ ወራት ጥቂት ደም ያዩ ብዙ ሴቶች በደኅና ወልደዋል። ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል የሚያስኬዱት ምልክቶች እነዚህ ናቸው፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት ሞዴስ የሚያርስ ደም፣ በሆድ አንድ ወገን የሚጸና ሕመም፣ ራስን የመሳት ስሜት፣ የትከሻ ጫፍ ሕመም፣ ትኵሳት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ። የአንድ ወገን ሕመምና ራስን መሳት ፅንሱ ከማሕፀን ውጭ መሆኑን ሊያመለክቱ ይችላሉ፤ ይህም በሰዓታት ውስጥ እናቲቱን ሊገድል የሚችል ነው። በዚህ ጊዜ ባል የሥራ ፈቃድ እስኪጻፍለት አይጠብቅ፤ ፈቃዱን በማግስቱ ይጠይቅ።

ፅንሱ ከወረደ በኋላ የቤቱ ሰው ምን ያድርግ? ሴቲቱ ያጣችው ሰው አልታየም፣ አልተቀበረም፣ ለቅሶም አልተቀመጠለትም። ስለዚህ ጎረቤት ኀዘኑን ኀዘን አይለውም። «ገና ምኑም አልነበረ፤ ሌላ ትወልጃለሽ» የሚለው ማጽናኛ ከልብ የመጣ ቢሆንም አብዛኛውን ጊዜ ያቈስላል። ባልየውም ያዝናል፤ ግን ማንም አይጠይቀውም። ጥቂት ቀን ከሥራ ፈቃድ ወስዶ አብሯት ቢቀመጥ፣ እናቱ ስለ ባልዲው ልትናገር አፏን ስትከፍትም «እማዬ፣ ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ፤ የእርሷ ጥፋት አይደለም» ቢላት፣ ከብዙ መድኃኒት ይልቅ ይጠቅማል። ሐኪሙ ስለ ነገሩ የሚናገረው ቃል ባልም በተገኘበት ቢሆን የተሻለ ነው፤ አለዚያ ሚስት ብቻዋን ሰምታ ቤት ስትደርስ የሚያምናት ላይኖር ይችላል።

እንደገና ለመፀነስ የሚቈየው ጊዜ ቀድሞ ስድስት ወር ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እንዲሁ መክሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ የወጡ ጥናቶች ከስድስት ወር በፊት መፀነስ ጕዳት እንዳላመጣ አሳይተዋል። ስለዚህ ሰውነቷ ከዳነ፣ ልቧም ከፈቀደ፣ ሐኪሟም ሌላ ምክንያት ካላገኘ ባልና ሚስት ተማክረው ጊዜውን ይወስኑ። ከመፀነሷ በፊት ጀምሮ በየቀኑ 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ትውሰድ፤ ይህ የልጁን የአከርካሪና የጭንቅላት ጕድለት የሚከላከል ሲሆን፣ ክኒኑን በየጤና ጣቢያው መጠየቅ ይቻላል።